ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥ

ዴፖው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ከኃላፊ እስከ ትኬት ቆራጭ ሁሉም «ዝግታ» ነበር የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ፣ እንቁላል በሳህን ይዛ ቆማ የተሳፈረች ሴት አንድም ሳይሰበርባት ትወርዳለች ይባልለት ነበር። «እኛ አውቶብስ እናቆማለን፤ ዝግታ ግን ያሳርፋል» ይላሉ የሥራ ባልደረቦቹ። እሱም ይህን ሲሰማ እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ፣ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሳይነግራት አያድርም።

ጡረታ ሲወጣ ግን እጁ ሥራ ፈታ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ነቅሎ እንደገና ሰቀለ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ፤ በማግስቱ ደግሞ ቀባ። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ በየትኛው መንገድ ብትሄድ እንደሚቀርባት ያስረዳት ጀመር። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ፣ «ጡረታ የወጣኸው አንተ፣ የተቀጣሁት እኔ! ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ልጅህ ጋ ሂድና ሰማይ ላይ ንዳ!» አለችው። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ቃሏን አንጠልጥሎ ሄደ።

ልጁ የሥራ ቀኑን አሳንሰር ስትጠግን ነው የምትውለው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ባለ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ፣ በግላይደር ክበብ ውስጥ፣ ሞተር የሌላቸውን አውሮፕላኖች ማብረር ታስተምራለች። «ሳምንቱን ሙሉ ሰው በገመድ ሽቅብ ታወጣለች፤ እሁድ ሲሆን ገመዱን ትፈታላቸዋለች» እያለ አጎቷ ይቀልድባታል።

ነገሩ የተጀመረው በአባቷ አውቶብስ ነው። ልጅ ሳለች፣ ትምህርት በሌለ ቀን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ አብራው ትዞር ነበር። የመስመሩ የመጨረሻ ፌርማታ የዚያ ሜዳ አጥር ሥር ነው። ተሳፋሪው ወርዶ፣ የመመለሻው ሰዓት እስኪደርስ፣ አባትና ልጅ አጥሩን ተደግፈው እነዚያ ክንፈ ረጃጅም ነጫጭ አውሮፕላኖች ድምፅ ሳያሰሙ ሲወርዱ ያያሉ። አንድ ቀን «አባዬ፣ ማነው የሚገፋቸው?» አለችው። «እንጃ» አላት። ለልጅ እንጃ ብሎ መቅረቱ ግን ስላልዋጠለት፣ በሩን አንኳኩቶ ገባና ጠየቀ። በሩም በዚያው ሳይዘጋባት ቀረ። አድጋ ተማረች፤ ተምራ አስተማሪ ሆነች።

አሁን ደግሞ እሱ ፀጉሩ ነጥቶ የልጁ ተማሪ ሆኖ አረፈው። ክበቡ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ተማሪዎቿን ሁሉ «እርስዎ» ነው የምትለው፤ እሱንም ሳታበላልጥ «እርስዎ» አለችው። ቤት ውስጥ «አንተ አባዬ» የምትል ልጅ ሜዳ ላይ «ዓይንዎን ከአድማሱ አይንቀሉ» ስትለው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ትንሽ ቅር አለው፤ ውሎ ሲያድር ግን ወደደው። በአጸፋው «የኔታ» ይላት ጀመር። እጁ ቶሎ ለመደ። ያስቸገረው እግሩ ነው፤ መሬት በቀረበ ቁጥር ፍሬን ፍለጋ ይቅበዘበዛል።

«እዚያ ጋ የሚረገጥ ፍሬን የለም» ትለዋለች ከኋላው ወንበር።

«እኔማ አውቄያለሁ የኔታ፤ እግሬ ነው ያልሰማው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ለብቻው የሚበርበት ጊዜ ተቃረበ። ከእሷ አፍ የወጣው «አየሩ ከፈቀደ፣ ምናልባት እሁድ» የሚል ነበር። ከእሱ ጆሮ የገባው «እሁድ» ብቻ ነው። በማግስቱ ዴፖ ሄዶ አወጀው። «እሁድ ለብቻዬ እበራለሁ። ማየት የሚፈልግ ይምጣ።»

ወሬውን ያራገበው የሚስቱ ወንድም ነው። እሱም ሹፌር ነው፤ አሁን የፋብሪካ ሠራተኞችን የምታመላልስ አንዲት አሮጌ አውቶብስ ይነዳል። ቁመቱም ስፋቱም የበር ያህል የሆነ፣ ሲያወራ ጎረቤት መስኮት የሚዘጋበት ሰው ስለሆነ «ጡሩንባ» ነው የሚሉት። «አውቶብሷን እኔ አመጣለሁ! ማንም ቤቱ እንዳይቀር!» አለ። አልቀሩምም።

እሁድ ጠዋት ዝግታ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳው ላይ ተገኘ። ነፋስ ነበር፤ ግን የሚቻል ነፋስ፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣ። የነፋሱን አቅጣጫ የምታሳየው ብርቱካንማ ከረጢት በምሰሶዋ ላይ ግማሽ ድረስ ተነፍታ ትወዛወዛለች። ከልጁ ጋር ባለሁለት ወንበሯን ግላይደር ይዘው ወጡ። በሜዳው ማዶ ጫፍ የቆመው ሞተር ገመዱን ሲስብ ሽቅብ ተወረወሩ፤ ገመዱን ለቀቁ፤ ዞሩ፤ ወረዱ። ደግመውም ወጡ። ሁለቱንም ጊዜ እሱ ነው ያሳረፈው። መንኮራኩሯ ሣሩን ስትነካ እሱ ራሱ አልተሰማውም።

«ጥሩ ነው» አለች ልጁ። በዚያ ሜዳ ላይ የእሷን «ጥሩ ነው» የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሌላ ሰው ጭብጨባ ነው።

ከዚያ ተራው የሌላዋ ተማሪዋ፣ የፋርማሲስቷ ሆነ። ይቺ ሴት ሳቂታ፣ ደንበኞቿን «የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት» እያለች መድኃኒት የምታስውጥ፣ ባለአንድ ወንበሯን ግላይደር ለብቻዋ ማብረር ከጀመረች ወራት ያለፏት ናት። ልጁ አጠገቧ ተንበርክካ፣ «ከሜዳው ፊት ለፊት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሁኚ እንጂ ወደኋላ እንዳትሄጂ። ከረጢቷን እያየሽ። ብጠራሽ ወዲያው ትመጫለሽ» አለቻት። እሺ ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ይመጣል የተባለው ነፋስ ቀጠሮውን አላከበረም። ፋርማሲስቷ ወጥታ ገና ብዙም ሳይቆይ ከሜዳው ጀርባ ያሉት ዛፎች በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ። አውሮፕላኖቹ የሚያድሩበት የሃንጋሩ ቆርቆሮ ይንቋቋ ጀመር። ከረጢቷ ተወጥራ እንደ ዱላ ቀጥ አለች። በዚህ መሃል ነው የጡሩንባ አውቶብስ ክላክሱን እያንባረቀ በበሩ የገባው። ሾፌሮቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እየሳቁ ወረዱ። ከኋላቸው የዝግታ ሚስት ነጠላ ጫማዋን በወፍራም ጫማ እየቀየረች ወረደች።

«የታለ ሰማይ የሚነዳው?» አለ ጡሩንባ።

ልጅቱ ከረጢቷን አየች፤ ዛፎቹን አየች። እጇ ላይ ባለው ሬዲዮ መገናኛ ፋርማሲስቷን እንድትመለስ ጠራቻት። ከዚያ በዚያው ሬዲዮ፣ በሜዳው ማዶ ጫፍ ገመድ ጎታቹን ሞተር ለሚያንቀሳቅሰው፣ በሥራው በያጅ ለሆነው የክበቡ አባል፣ «ሞተሩን አጥፋ» አለች። «የዛሬ በረራ አበቃ። አየር ላይ ያለችው ትውረድና ሃንጋሩን እንዘጋለን።»

«እኔስ?» አለ ዝግታ።

«እርስዎም።»

«ጠዋት ጥሩ ነው አላልሽኝም?»

«ጠዋት ጥሩ ነበር።»

ጡሩንባ እጁን አጨበጨበ። «ጉድ እኮ ነው! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ሰምቻለሁ፤ አባቷን ከመሪ ላይ ያወረደች ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ግን ሳቁ። ዝግታ ጆሮው ድረስ ጋለ። ልጁን ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ወሰዳት።

«ስሚ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ሁሉ ሰው እኔን ሊያይ ነው የመጣው። አባትሽ ስለሆንኩ ፈርተሽልኝ ከሆነ...»

«አባቴ መሆንዎን ረስቼው አላውቅም» አለች። «ግን ለማንም ተማሪ የማልፈቅደውን ለእርስዎ አልፈቅድም። ለማንም የምፈቅደውን ደግሞ አልከለክልዎትም። ይሄ ነፋስ ገና የእርስዎ አይደለም።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ይህን ብላ ሬዲዮዋን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ወደ ሜዳው መሃል ሄደች።

ዝግታ አኮረፈ። ኩርፊያውን ግን በባዶ እጁ አላኮረፈም፤ ባለሁለት ወንበሯን አፍንጫዋን ከነፋስ አዙሮ፣ ክንፏ ላይ አሮጌ ጎማ ጭኖ፣ በገመድ ከችካል ጋር አሰራት። እየተቆጣ እንኳ ቋጠሮውን ሁለቴ ይፈትሽ ነበር። ሚስቱ ነጠላዋን በነፋሱ ላለመነጠቅ በጥርሷ ይዛ ወደሱ መጣች።

«አኮረፍክ?»

«አላኮረፍኩም።»

«ዓይንህ ሌላ ነው የሚለው።» ገመዱን ያዘችለት። «ያ ጎርፍ የወረደ ቀን ትዝ ይልሃል? ድልድዩ ጋ አውቶብስህን አቁመህ አልሻገርም ያልክ ቀን?»

«እና?»

«ሰው ሁሉ ሰደበህ። አንዱ ፈሪ አለህ፤ አንዷ ከሥራ አስባርርሃለሁ አለችህ። እኔም ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤ አፍሬብህ ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አንተ መሪውን ይዘህ ዝም። 'ስድብ አያሰምጥም' ብለህ ብቻ ዝም።» ገመዱን አጠበቀችው። «ይቺ ልጅ ከማን የወረሰችው ይመስልሃል? ከወንድሜ?»

ዝግታ የመጨረሻዋን ቋጠሮ ጨረሰ። ቀና ብሎ ልጁን ፈለጋት። ሜዳው መሃል ብቻዋን ቆማ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ እየተበተነ፣ ወደ ሰማይ ታያለች። አቋቋሟ ደስ አላለውም። ስትጨነቅ ትከሻዋን እንዴት እንደምታደርግ ያውቃል። ወደሷ ሄደ።

ሬዲዮው ተንጫጫ። የፋርማሲስቷ ድምፅ ነው፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ሜዳ፣ ትሰሙኛላችሁ? እየመጣሁ ነበር፤ ግን... ሜዳው እየቀረበኝ አይደለም።»

የሆነው ይህ ነው። ፋርማሲስቷ ወደ ላይ የሚገፋ አየር አግኝታ፣ ደስ ብሏት እየዞረች ከፍ ስትል፣ ነፋሱ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ሲወስዳት አላስተዋለችም። ስትጠራ ዞረች፤ ግን አሁን ነፋሱ ፊት ለፊቷ ነው። ሞተር የላትም፤ ያላት ከፍታ ብቻ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። በእሷና በሜዳው መካከል ደግሞ ያ የዛፍ መስመር አለ።

«እሰማሻለሁ፤ አይቼሻለሁም» አለች ልጁ። «አፍንጫዋን ዝቅ አድርጊ። ፍጥነት ጨምሪ።»

«ዝቅ ካልኩ ዛፎቹን አላልፍም!»

ልጅቱ ዓይኗን ከዛፎቹ ወዲያ ወዳለው መሬት ላከች። ዝግታ አጠገቧ ቆሞ ሰማይ ላይ እንደ ነጭ መስመር የምትታየውን ግላይደር፣ ዛፎቹንና የልጁን ፊት ተራ በተራ አየ። በዚያች አፍታ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየው፤ ልጁ እሺ ብላው ቢሆን ኖሮ አሁን እዚያ ላይ ያለው እሱ ነበር። እግሩም ፍሬን እየፈለገ።

«ልክ ነሽ፤ አታልፊያቸውም» አለች ልጁ። «ስለዚህ ወደኛ አትምጪ። ሜዳውን እርሺው። ከዛፎቹ ወዲያ፣ ከግራሽ በኩል፣ የታጨደ ማሳ አለ። ቢጫው። ይታይሻል?»

ሬዲዮው ተንጫጫ። ከዚያ፣ «ይታየኛል።»

«እሱ ነው ሜዳሽ። እኔ ወደዚያ እየመጣሁ ነው።» ሬዲዮውን ዝቅ አድርጋ ዞረች። «ስታርፍ የሚይዛት ሰው ካላገኘች ነፋሱ ይገለብጣታል። ሰው ያስፈልገኛል። መኪና ያስፈልገኛል።»

ከክበቡ ሰዎች በዚያ ቀን የመጡት ጥቂት ናቸው። አውቶብሱ ግን ሙሉ ሰው ይዞ ቆሟል። «ግቡ!» ብሎ የጮኸው ዝግታ ነው። ሾፌሮቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ገቡ። ጡሩንባ መሪው ላይ ተሰይሞ ሞተሩን አጓራ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተነስልኝ» አለው ዝግታ።

«ምን? የኔ አውቶብስ እኮ...»

«መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው። ተነስ!»

ዝግታ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ማንም አያውቅም ነበር። ጡሩንባ ተነሳ።

ከሜዳው ወደ ማሳው የሚወስደው የገጠር መንገድ የድንጋይና የጉድጓድ ነው። ዝግታ ግን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶብስ ለማዞር ዕድሜውን ሙሉ ገብቶበታል፤ ጉድጓዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ልጁ ከፊት ደረጃ ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን፣ በአንድ እጇ ሬዲዮውን ይዛ፣ በመስታወቱ ወደ ሰማይ ታያለች።

«በጣም ጥሩ። እንደሱ ያዣት» ትላለች በሬዲዮው። «ወደ መሬት ስትቀርቢ ነፋሱ በድንገት ይቀንሳል፤ ያኔ እንዳትደነግጪ። ፍጥነትሽን እስከመጨረሻው ያዢ።»

ዝግታ በጎን ዓይኑ አያት። ከዚያ ነገሩ ገባው። እዚያ ላይ ያለችው ሴት የያዘችው ነገር ቢኖር ይቺን ድምፅ ብቻ ነው። አውቶብሱ አንዴ ቢዘል ድምጿ ይዘላል፤ ድምጿ ቢንቀጠቀጥ የሴትዮዋ እጅ ይንቀጠቀጣል። መሪውን ለስለስ አድርጎ ያዘ። ማርሹን ሲቀይር አልተፋጨበትም። ትልቁን ድንጋይ በሁለቱ ጎማዎች መሃል አሳለፈ፤ ጉድጓዱን በዳሩ ታከከ፤ ኩርባውን ፍሬን ሳይረግጥ ዞረ። ነፋሱ ከጎን ሲገፋው መሪውን በትከሻው መለሰው። ከኋላ የተቀመጡት ሾፌሮች ትንፋሻቸውን ውጠው እጁን እጁን ያዩ ነበር። ነገሩ የገባቸው ሳይነገራቸው ነው። ጡሩንባ እንኳ ድምፁ ጠፋ።

«አሁን የክንፉን ፍሬን ትንሽ ክፈቺ» አለች ልጁ፤ ድምጿ እንደ ረጋ ውሃ። «ትንሽ ብቻ። ትክክል። ዓይንሽ ወደ ማሳው ማዶ። እየጠበቅንሽ ነው።»

አውቶብሱ ማሳው ዳር ሲደርስ ግላይደሯ ከማሳው ማዶ ዝቅ ብላ ብቅ አለች። ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ ልክ የቆመች እስክትመስል ቀስ ብላ ወረደች። አንዴ ዘጭ አለች፤ መልሳ ነጠረች፤ እንደገና ነካች፤ ከዚያ ቆመች። ማሳውን ሩብ ያህሉን እንኳ አልጨረሰችም።

«እንዳትወጪ!» አለች ልጁ በሬዲዮ። «እጅሽን ከመሪው አትንቀይ፤ እያበረርሽ እንደሆነ አድርገሽ ያዢው። ደርሰናል።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አውቶብሱን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁመው። ግድግዳ እንዲሆናት።»

«አቁመው» ነው ያለችው፤ «ያቁሙት» አላለችም። ዝግታ ያኔ ልብ አላለውም። አውቶብሱን ገለባው ላይ አስገብቶ፣ ከግላይደሯ ፈንጠር ብሎ፣ በነፋሱ በኩል ጎኑን ሰጥቶ አቆመው። በሩ ሲከፈት ሾፌሮቹ ፈሰሱ።

«ጭራዋን ማንም እንዳይነካ!» ልጅቱ እየሮጠች ነው የምትጮኸው። «በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ወደ መሬት ተጫኑት! ጫፉ አጠገብ፣ ከላይ! አጎቴ፣ አንተ እዚህ ና። ዛሬ ክብደትህ ያስፈልገናል!»

በዚያው ቅጽበት ከአውቶብሱ ጫፍ አልፎ የመጣ ነፋስ ክንፉን ብድግ አደረገው። ግላይደሯ እንደ ታመመ ወፍ ጎኗን አነሳች፤ ከውስጥ ሴትዮዋ ጮኸች። ጡሩንባ የቀሩትን እርምጃዎች እንዴት እንደጨረሳቸው አይታወቅም፤ ሁለት እጁን ክንፉ ላይ ጥሎ ሙሉ ሰውነቱን ጫነበት። ሌሎቹ ተከተሉት። ክንፉ እያንገራገረ ወረደ፤ መሬት ነካ፤ በዚያው ቀረ።

«ያዝኳት!» አለ ጡሩንባ። ድምፁ ተመልሶለታል። «ነፋሱን ንገሩት፤ ከእኔ ጋር ይነጋገር!»

ፋርማሲስቷ የመስታወት ክዳኑ ተከፍቶላት ስትወጣ እጇን ወደ ልጅቱ ዘረጋች። ልጅቱ አቅፋ ያዘቻት።

«አሳረፍሽኝ» አለች ሴትዮዋ እያለቀሰች።

«እኔ መሬት ላይ ነበርኩ» አለች ልጅቱ። «አንቺ ነሽ ያሳረፍሻት። ወደኋላ በመሄድሽ ግን ነገ እንነጋገራለን።» ሴትዮዋ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነበር። የግላይደሯ ተጎታች ከክበቡ መጣ። ክንፎቹ ተነቅለው፣ ሾፌሮቹ በትከሻቸው ተሸክመው ጫኑ። ልጅቱ «ቀስ፣ ቀኝ ከፍ፣ አሁን ወደፊት» ስትል፣ አገር ያስቸገሩ፣ ኃላፊ ሲያዛቸው የሚነጫነጩ ሰዎች እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ይታዘዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዴፖ ውስጥ ማንንም ሲያሞግስ ተሰምቶ የማያውቅ ቀጭን ሹፌር፣ ዝግታን በክርኑ ጎሰም አደረገው።

«ይቺን ልጅ ዴፖ ብታመጣልን ምናለ? አለቃ እናደርጋት ነበር።»

«ቦታ አላት» አለ ዝግታ። ደረቱ ተነፍቶ ነበር፤ ሚስቱ ከሩቅ አይታ ለብቻዋ ሳቀች።

ጡሩንባ ላቡን እየጠረገ መጣ። ዝግታ ፊት ቆሞ፣ ለወትሮው ለመቶ ሰው የሚበቃ ድምፁን ለአንድ ሰው በሚበቃ ልክ ቀንሶ፣ «ጠዋት የቀለድኩት ነገር...» አለ።

«ተወው።»

«አልተወውም። እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም ማለት ነው። አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የነዳኸው? ከኋላ ሆኜ ጎማው መሬት ስለመንካቱ ስጠራጠር ነበር።»

ዝግታ የሚስቱን ወንድም ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ሁሉም ወደ አውቶብሱ ሲገባ ልጁ ማሳው ላይ የቀረ ነገር እንዳለ ለማየት ወደኋላ ቀረች። እሱም ቀረ። ጎን ለጎን ቆሙ። ነፋሱ ገለባውን እያነሳ እግራቸው ላይ ይበትነዋል። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፈርተሽ ነበር?»

«በጣም። መጀመሪያ 'ወደኛ አትምጪ' ስላት፣ ተሳስቼ ቢሆንስ እያልኩ ነበር።» ወደ አውቶብሱ በአገጯ ጠቆመች። «ድምፄ እንዳይሰበር ስሰጋ ነበር አባዬ። መንገዱ እንደዚያ ሆኖ። ከዚያ አውቶብሱ የቆመ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁህ፤ እየነዳህ ነው።»

ዝግታ ብዙ ሰው አመስግኖታል፤ ኃላፊዎች ወረቀት ሰጥተውታል፤ ተሳፋሪዎች ሲወርዱ መርቀውታል። ያን ሁሉ አንድ ላይ ቢደምሩት ይህችን አያክልም ነበር። ዓይኑ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ ከጫማው ላይ ገለባ አራገፈ።

«ጠዋት አባትሽ ነኝ ያልኩሽ» አለ ቀና ሳይል፣ «ጥሩ አላደረግኩም።»

«ሰው ፊት ነበር፤ ገብቶኛል።»

«ለዚያ እኮ ነው ጥሩ ያልሆነው። እነሱ ፊት እንድትፈሪኝ ፈለግኩ። አንቺ ግን አልፈራሽም።» አሁን ቀና አለ። «ብትፈሪ ኖሮ ምን እንደሚሆን አየሁ። እንኳንም አልፈራሽ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ነፋስ የሚባል ባልነበረበት አንድ ማለዳ፣ ዝግታ ለብቻው በረረ። ለማንም አልተናገረም። ሜዳው ላይ የነበሩት ልጁ፣ ሚስቱ፣ ገመድ ጎታቹ ጋ ያለው በያጅና፣ ያን ቀን ራሷ ልትበር የመጣችው ፋርማሲስት ብቻ ናቸው። ልጁ ክንፉን ይዛ ትንሽ አብራው ሮጠች፤ ከዚያ ቀረች። ገመዱን ሲለቅ ከጀርባው ድምፅ አልነበረም። ፀጥታው አስፈራው፤ ከዚያ ግን ደስ አለው። ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ ወረደ። አንዴም ሳትነጥር አሳረፋት።

ልጁ አልሮጠችም፤ እየተራመደች መጥታ የመስታወት ክዳኑን ከፈተችለት።

«እንዴት ነበር?»

«ከላይ አየሁሽ» አላት። «ሜዳው መሃል ቆመሽ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩሽ ትንሽ ነሽ።»

«እና?»

«እናማ አጠገቤ ሰው ቢኖር፣ 'ያቻት፣ የኔ ልጅ ናት' እለው ነበር። የሚሰማኝ ግን አልነበረም።»

ልጁ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ክንፉ ዞረች። ከዚያ ማሰሪያውን ፈታችለትና በአስተማሪ ድምጿ፣ «በሉ ይውረዱ» አለችው፤ «ሌላ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው።»